ገዳዩን ሳይፈልጉ ማግኘት

በ1934 ለንደን ውስጥ አንድ እንግዳ የወንጀል ታሪክ ታተመ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ኬይንስ ጆውቦን ይባላል። መቶ ገጽ ነው፤ ገጾቹ ሆን ተብሎ ተዘበራርቀው ነው የታተሙት። ጸሐፊው ኤድዋርድ ፖዊስ ማዘርስ፣ ቶርኬማዳ በሚል የብዕር ስም ለኦብዘርቨር ጋዜጣ አስቸጋሪ መስቀለኛ ቃላት ያዘጋጅ የነበረ ሰው ነው። አንባቢው በመጀመሪያ ገጾቹን በትክክለኛ ቅደም ተከተላቸው መደርደር፣ ከዚያም ስድስቱን ሟቾችና ገዳዮቻቸውን በስም መለየት ይጠበቅበታል። መቶውንም ገጽ ከዳር እስከ ዳር አንብቦ ምንም ያልጨረሰ ሰው ሊኖር ይችላል፤ አብዛኛው አንባቢም እንዲያ ሆኖ ነው የቀረው። በዚያ ዘመን መልሱን አግኝተው የተሸለሙት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። መጽሐፉ በ2019 እንደገና ታተመ፤ ወረርሽኝ ሰውን ሁሉ ቤት ባስቀመጠበት በ2020 እንግሊዛዊው የኮሜዲ ጸሐፊ ጆን ፊኔሞር ፈታው። ከመጀመሪያው ኅትመት እስከዚያ ድረስ ሰማንያ ስድስት ዓመት አልፏል፤ በመሀሉ ማንም ሰው መጽሐፉን ስላልጨረሰ አልተወቀሰም።

ይህን መጽሐፍ የማነሣው የመርማሪ ጌሞች ሲወለዱ የነበራቸውን፣ በኋላ ግን የጣሉትን አንድ ጠባይ አጉልቶ ስለሚያሳይ ነው፤ ሳይፈቱት መጨረስ አይቻልም። ዛሬ አንድ ሰው የጀመረውን ረጅም የመርማሪ ጌም ለዓመታት ትቶት ቆይቶ “በመጨረሻ ጨረስኩት” ሲል፣ የሚሰማው ወገን ብዙውን ጊዜ በመዘግየቱ ይቀልድበታል። እኔ መዘግየቱ ላይ የሚያስቅ ነገር አላይም። መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው፤ ይህ ሰው የጨረሰው ምርመራውን ነው ወይስ ታሪኩን? ሁለቱ በአንድ ወቅት አይነጣጠሉም ነበር። የተለያዩበት ቦታና ጊዜ በግምት ሳይሆን በዓመተ ምሕረት ሊጠቀስ ይችላል፤ ጃፓን፣ 1985። ከዚያ ወዲህ ያለው የዚህ ሙያ ታሪክ በአመዛኙ የዚያ መለያየት ታሪክ ነው። ተጫዋች ከዓመታት በኋላም ቢሆን ተመልሶ እንዲጨርስ ያስቻለው ይኸው መለያየት ነው፤ የመጨረሱን ክብር ያሳነሰውም እሱው ነው።

ከኮምፒውተሩ በፊት ወረቀቱ ነበር። በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል በእንግሊዝና በአሜሪካ የነበሩ የወንጀል ልብ ወለድ ጸሐፊዎች ከአንባቢያቸው ጋር የውል ያህል የጠበቀ ስምምነት ነበራቸው። ሮናልድ ኖክስ የተባለው እንግሊዛዊ ቄስና ደራሲ በ1929 ውሉን በአሥር ሕጎች አስቀመጠው፤ ወንጀለኛው በታሪኩ መጀመሪያ አካባቢ የተጠቀሰ ሰው መሆን አለበት፣ የመርማሪው ረዳት በልቡ ያለውን ከአንባቢ መደበቅ የለበትም፣ ወዘተ። ኤለሪ ኩዊን በሚል ስም ይጽፉ የነበሩት ሁለት አሜሪካውያን የአክስት ልጆች ደግሞ በቀደሙት መጽሐፎቻቸው ታሪኩን ከመጨረሻው ትንሽ ቀደም ብለው ያቆሙና፣ ማስረጃው ሁሉ አሁን በእጅህ ነው፣ ገዳዩን ንገረን ብለው አንባቢውን በቀጥታ ይጋፈጡት ነበር። ዴኒስ ዊትሊ በ1936 ያሳተመው መርደር ኦፍ ማያሚ ከዚህም አለፈ። መጽሐፍ ሳይሆን የፖሊስ መዝገብ ነው የሚመስለው፤ ቴሌግራም፣ ፎቶግራፍ፣ የክብሪት እንጨት፣ የፀጉር ናሙና ሳይቀር አብሮ ታሽጎ ይሸጥ ነበር። መልሱ መጨረሻው ላይ በታሸጉ ገጾች ውስጥ ነው። እሽጉን የቀደደ ሰው መቅደዱን ያውቃል። ይህች ትንሽ እሽግ ለነገሬ ዋና ስለሆነች አንባቢ በልቡ ይያዛት።

በኮምፒውተር በኩል ፈር የቀደደችው ሮበርታ ዊልያምስ ናት። ከባለቤቷ ከኬን ጋር በ1980 ለአፕል 2 ኮምፒውተር ያወጣችው ሚስትሪ ሃውስ በመስመር የተሳሉ ሥዕሎች ያሉት የመጀመሪያው የጀብዱ ጌም ነው፤ ነገሩም የአጋታ ክሪስቲን ልብ ወለድ የሚያስታውስ፣ እንግዶች አንድ በአንድ የሚገደሉበት ቤት ነው። ለታሪክ ትልቅ ቦታ ያለው ቢሆንም እንደ ምርመራ ግን ቀጭን ነው። እውነተኛው ምርመራ የመጣው ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ በኤምአይቲ ሰዎች ከተመሠረተው ኢንፎኮም ከተባለ ድርጅት፣ ሥዕል በሌለው ዴድላይን በተባለ ጌም ነው። ማርክ ብላንክ የሠራው ይህ ጌም ማርሻል ሮብነር የተባለ ባለጸጋ ከውስጥ በተቆለፈ የቤቱ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሞቶ ከተገኘ በኋላ ይጀምራል። ሁሉም ሰው መድኃኒት አብዝቶ ወስዶ ራሱን ገደለ ብሏል። ተጫዋቹ ግን መርማሪ ነው፤ ያለው ጊዜ በጌሙ ሰዓት አሥራ ሁለት ሰዓት ብቻ ነው። ሰዓቱ አይጠብቀውም። የቤቱ ሰዎች እሱ ቢኖርም ባይኖርም ይወጣሉ፣ ይገባሉ፣ ስልክ ያነሣሉ፣ ደብዳቤ ይቀበላሉ። በትክክለኛው ደቂቃ በትክክለኛው ክፍል ያልተገኘ መርማሪ ፍንጩ ያመልጠዋል፤ ማምለጡንም የሚነግረው የለም።

የዴድላይን ዲስክ የሚይዘው ሰማንያ ኪሎባይት ገደማ ስለነበር የተጠርጣሪዎቹ ቃል፣ የሕክምና ምርመራው ውጤትና የላቦራቶሪው ሪፖርት ሁሉ ዲስኩ ላይ ሊገባ አልቻለም። ስለዚህ ብላንክና ባልደረቦቹ የዊትሊን መንገድ ተከትለው በወረቀት አሳተሙትና ከትናንሽ ነጫጭ ክኒኖች ጋር በሳጥኑ ውስጥ አደረጉት። በቦታ ጥበት የተነሣ የተደረገው ነገር ምርመራውን በግማሽ ጠረጴዛ ላይ፣ በግማሽ ስክሪን ላይ አደረገው። ማሽኑ ስለ ተጫዋቹ ጥርጣሬ የሚያውቀው ነገር የለም፤ ጥርጣሬው የሚኖረው በተጫዋቹ ማስታወሻ ደብተርና በራሱ ጭንቅላት ነው። አንድን ሰው እሰር ብሎ ካዘዘ፣ ጌሙ የተሰበሰበውን ማስረጃ ይመዝናል፤ ካልበቃ ክሱ ውድቅ እንደሆነ ይነግረዋል፤ እንደገና ከጠዋት ይጀምራል። ይህ ጌም ለወራት፣ ከዚያም ለዓመታት መደርደሪያ ላይ ቢቀመጥ ማን ይደነቃል? የሚቀረው ክፍል ረጅም ስለሆነ አይደለም የሚቀመጠው፤ ተጫዋቹ ገና ስላልገባው ነው።

ለተቸገረ ተጫዋች ኢንፎኮም ያበጀው መላ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። ማይክ ዶርንብሩክ መጀመሪያ ላይ ፍንጭ ለሚለምኑ ተጫዋቾች በደብዳቤ ይመልስ ነበር። ደብዳቤው ሲበዛበት ኢንቪዚክሉስ የተባሉትን ትናንሽ መጻሕፍት አወጣ። ጥያቄዎቹ በግልጽ ታትመዋል፤ መልሶቹ ግን በማይታይ ቀለም የተጻፉ ናቸውና አብሮ የሚሸጠው ልዩ ብዕር ካላለፈባቸው አይነበቡም። መልሶቹም ደረጃ አላቸው፤ የመጀመሪያው ጭላንጭል ብቻ ያሳያል፣ የመጨረሻው ሁሉን ይናገራል። ጥያቄውን በማንበብ ብቻ ምሥጢር እንዳይወጣ፣ በጌሙ ውስጥ ጨርሶ ስለሌለ ነገር የሚጠይቁ የማታለያ ጥያቄዎችም ተቀላቅለዋል። የእኛ እንቆቅልሽ ተመሳሳይ ሥርዓት አለው፤ መልስ ያጣ ሰው አገር ሰጥቶ ነው መልሱን የሚሰማው። ያወቀና የከፈለ አይምታቱም፤ አገር የሰጠ ሰው ቆይቶ ፈታሁት ቢል የሚያምነው የለም። የዊትሊ እሽግም፣ የዶርንብሩክ ብዕርም የሚጠብቁት ይህንኑ ድንበር ነው። መሸነፍ ይቻላል፤ ተሸንፎ ያሸነፉ መምሰል ግን አይቻልም።

ወደ ጃፓን እንሂድ። ዩጂ ሆሪ በ1983 ኤኒክስ በተባለው ድርጅት በኩል ለኤንኢሲ ኮምፒውተር ያወጣው የፖርቶፒያ ተከታታይ ግድያ፣ በኮቤ ከተማና አካባቢዋ የሚካሄድ ምርመራ ነው። የአበዳሪ ድርጅት ፕሬዚዳንት የሆነው ያማካዋ በተቆለፈ ክፍል ውስጥ ሞቶ ተገኝቷል። ተጫዋቹ አለቃ ነው፤ ራሱ አይታይም፣ የሚናገረውም ለረዳቱ ለያሱ ነው። ሂድ ሲለው ያሱ ይሄዳል፣ ጠይቅ ሲለው ያሱ ይጠይቃል፣ ያየውን መጥቶ ይነግረዋል። በዚህ የመጀመሪያ ቅጂ ትእዛዙ የሚጻፈው በኪቦርድ ነበር። አስቸጋሪው ነገር ምርመራው ብቻ አልነበረም፤ ማሽኑ የሚረዳውን ቃል መገመት ነበር። ተጫዋቹ ማድረግ የሚፈልገውን ያውቃል፤ ማሽኑ የሚሰማበትን ግሥ ግን ያጣዋል። ሆሪ ይህ እንቅፋት ከምርመራ ጋር የማይገናኝ ድካም መሆኑን በመረዳቱ፣ በ1984 ባወጣው በሆካይዶው የግድያ ጌም ትእዛዞቹን ዘርዝሮ አቀረበ፤ ተጫዋቹ መምረጥ ብቻ ሆነ ሥራው። በኅዳር 1985 ደግሞ የኮይቺ ናካሙራ ድርጅት ቹንሶፍት ፖርቶፒያን ለኒንቴንዶ የጌም ማሽን ለፋሚኮም አዘጋጀው። ፋሚኮም በመደበኛነት የሚታዘዘው በአቅጣጫ መስቀልና በሁለት ቁልፎች ነው። ስለዚህ አሥራ አራት ትእዛዞች በስክሪኑ ላይ ተደረደሩ። ከ700,000 በላይ ቅጂ ተሸጠ፤ አንድ ትውልድ ሙሉ የመርማሪ ጌም ማለት ይህ ነው ብሎ አደገ።

ምን ተለወጠ? ትእዛዞቹ አሥራ አራት ከሆኑ፣ ቦታዎቹም ሰዎቹም የሚቆጠሩ ከሆኑ፣ ሊደረግ የሚችለው ነገር ሁሉ ተቆጥሮ የሚያልቅ ነው። ሁሉንም ትእዛዝ በሁሉም ቦታ፣ በሁሉም ሰው ላይ የሞከረ ሰው ምንም ሳይገባው ወደፊት ይሄዳል። ማስተዋል ቀርቶ ትዕግሥት ይበቃል ማለት ነው። ሆሪ ይህን አስቦ አላደረገውም፤ ያሰበው ሕፃን ልጅም ሊጫወተው የሚችል ነገር መሥራት ነበር፤ የፋሚኮምን ተጫዋች ለሚያውቅ ውሳኔው ትክክል ነበር። ይሁንና እሽጉ የተከፈተው በዚያ ቀን ነው፤ እሱም ማንም ሳይቀደው፣ በራሱ ተፈትቶ። ስለ ገዳዩ ማንነት አንድም ሐሳብ ያልነበረው ተጫዋች፣ ትእዛዞቹን ሲያዞር ሲያዞር አንድ ቀን ገዳዩ ፊቱ ይቆማል። ነገሩን አስቂኝም አሳዛኝም የሚያደርገው ገዳዩ ማን መሆኑ ነው፤ ራሱ ያሱ ነው። (ምሥጢር አባከንክ የሚለኝ ሰው ቢኖር፣ በጃፓን ይህች አረፍተ ነገር ጌሙን ላልነኩ ሰዎች ሳይቀር መቀለጃ ከሆነች ቆይታለች፤ እኔ የማባክነው ነገር አልቀረም።) ተጫዋቹ ሁሉንም ያየው በገዳዩ ዓይን፣ ሁሉንም የሠራው በገዳዩ እጅ ነበር። ኖክስ ረዳት ሐሳቡን አይደብቅ ያለውን ሕግ ሆሪ በሚያስደንቅ ድፍረት ሰበረው። በጌም ታሪክ ከዚህ የላቀ ብልሃት ጥቂት ነው ያለው። ትእዛዝ በማዞር ለደረሰበት ሰው ግን ብልሃቱ ከንቱ ነው፤ ያሱን ለአፍታም ጠርጥሮት የማያውቅ ሰው በያሱ ሊከዳም ሊደነቅም አይችልም።

ከዚህ በኋላ ያሉት ጌሞች ይህን መንገድ አሰፉት። ሹ ታኩሚ በ2001 ለካፕኮም የሠራው ኤስ አተርኒ በምርመራና በችሎት መካከል የሚመላለስ የጠበቃ ጌም ነው፤ በመጀመሪያው ክስ ገዳዩን ገና ከመግቢያው ያሳየናል። ማን ገደለ የሚለውን ትቶ ውሸቱ እንዴት ይጋለጣል ወደሚለው መሄዱ ብልህ ሽሽት ነበር፤ ተጫዋቹ በዘፈቀደ ማስረጃ ቢያቀርብ ቅጣት አለው፣ ቅጣቱ ግን ሴቭ አድርጎ በመመለስ የሚታለፍ ነው። ከሁሉ ይልቅ ነገሩን ያጋለጠው ሲድኒ የነበረው ቲም ቦንዲ የተባለ ድርጅት ለዓመታት ለፍቶ በ2011 በሮክስታር በኩል ያወጣው ኤል.ኤ. ኗር ነው። በ1947 ሎስ አንጀለስ ውስጥ የሚካሄደው ይህ ጌም የተዋንያኑን ፊት በሠላሳ ሁለት ካሜራ ቀርጾ፣ ተጫዋቹ ከተጠርጣሪው ገጽታ ውሸትን እንዲያነብ ይጋብዘዋል። ይህ ሁሉ ድካም ለምርመራ ሲባል የተደረገ ነው። ጌሙ ግን ተጫዋቹ እንዲሳሳት አይፈቅድም፤ ይበልጥ ትክክል በሆነ አነጋገር፣ ተሳስቶ እንዲቆም አይፈቅድም። ማስረጃ አጠገብ ሲደርስ ድምፅ ያሰማዋል፤ በቦታው ያለው ሁሉ ሲያልቅ ሙዚቃው ይቆማል። ጥያቄውን ሁሉ ቢያበላሽም ክሱ ይዘጋል፣ ታሪኩ ይቀጥላል። በግድያ ክፍሉ ያሉት ክሶች መጨረሻ ላይ ደግሞ ተጫዋቹ በየተራ ያሰራቸው ሰዎች ንጹሐን እንደነበሩና እውነተኛው ገዳይ ሌላ እንደሆነ ይገለጣል። ይህ ለጭብጡ የተደረገ ነው፤ የፖሊስ ተቋሙን መበስበስ ያሳያል። እንደ ምርመራ ካየነው ግን ጌሙ በገዛ አፉ የሚናዘዘው አለ፤ ተጫዋቹ ያለማቋረጥ ወደ መጨረሻው ሄዷል፣ አንድም ነገር ግን አልፈታም።

እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ተቃውሞ ይነሣል። ሰው የሚተወው የመርማሪ ጌምን ብቻ ነው እንዴ? የጦርነቱም፣ የጀብዱውም ጌም በየቤቱ ሳይጨረስ ተቀምጧል፤ ለመርማሪው ብቻ ልዩ ምክንያት መፈለግ ለምን አስፈለገ? መልሱ ሰው ተመልሶ ሲመጣ ባለው ነገር ላይ ነው። የመኪና ውድድር ጌም ከአምስት ዓመት በኋላ የከፈተ ሰው መጀመሪያ ይደናገራል፣ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ግን ጣቶቹ ያስታውሳሉ። የምርመራ ዕውቀት ጣት ላይ አይቀመጥም። ማን የት ነበርኩ አለ፣ የማን ቃል ከማን ቃል ጋር ተጋጨ፣ የትኛዋ ትንሽ ነገር አልተዋጠችልኝም፤ ይህ ሁሉ ከወራት በኋላ ይተናል። የዴድላይን ዲስክ ተጫዋቹ የቆመበትን ቦታ ሊያስቀምጥለት ይችል ነበር፤ የጠረጠረውን ሰው ግን አያስቀምጥለትም። ኋላ ከመጡት ጌሞች ብዙዎቹ በውስጣቸው መዝገብ የያዙት ለዚህ ነው። በኤስ አተርኒ የችሎት መዝገብ አለ፤ በኤል.ኤ. ኗር ማስታወሻ ደብተር አለ። ከረጅም ዕረፍት በኋላ የሚመለስን ሰው የሚያሻግሩት እነዚህ መዝገቦች ናቸው፤ ትልቅ ውለታም ነው። ነገር ግን ማሽኑ ሲመዘግብለት ዋናና ተራውን የመለየቱንም ሥራ አብሮ ወሰደበት። በራሱ ደብተር የሚጽፍ ሰው የሚጽፈው የከነከነውን ነው፤ የማሽኑ መዝገብ የሚይዘው ግን በኋላ የሚፈለገውን ብቻ ነው። መዝገቡ ውስጥ የገባ ነገር ሁሉ ፍንጭ መሆኑ አስቀድሞ ታውቋል።

ሌላው ተቃውሞ ስለ ኢንተርኔት ነው። መልሱ በሰከንዶች ውስጥ በሚገኝበት ዘመን የሆሪ የትእዛዝ ዝርዝር ምን ጥፋት አለው? ሁሉም ሰው አገር ሳይሰጥ መልሱን ይሰማል። ይህ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ ያደርጋል። መመሪያ ፈልጎ ያነበበ ሰው ከጌሙ ውጭ ወጥቶ ነው ያነበበው፤ ምን እንዳደረገ ያውቃል፣ እፍረት ካለው እንኳ የሚያፍርበት ነገር አለው። ራሱ ጌሙ እየመራ ያደረሰው ሰው ግን ይህን ልዩነት የሚያይበት መንገድ የለውም፤ መጨረሻው ላይ ያው ሙዚቃ፣ ያው የሠሪዎች ስም ዝርዝር ይመጣለታል። እንዲያውም ቀስ ብሎ ለሚጫወት ሰው የኢንተርኔቱ አደጋ ሌላ ነው። ዓመታት በወሰደ ቁጥር መልሱን ሳይፈልግ የመስማቱ ዕድል ይጨምራል። በጃፓን ስለ ያሱ የምትነገረው አረፍተ ነገር ስንቱን ገና ያልጀመረ ተጫዋች እንደቀደመች መገመት አያዳግትም።

አንዳንዴ የሚዘገየው ሠሪው ነው፤ ይህን በአጭሩ ላንሣ። ቴክስ መርፊ ስለተባለው መርማሪ የሚተርኩት የአሜሪካ ጌሞች በ1998 በኦቨርሲየር ታሪኩን እንደተንጠለጠለ ትተውት፣ ቀጣዩ በተጫዋቾች መዋጮ የወጣው በ2014 ነው። ዮሺዮ ሳካሞቶ የጻፈው የኒንቴንዶ ፋሚኮም መርማሪ ክበብ በ1988 ሲወጣ አንዱ ታሪክ ለሁለት ተከፍሎ በተለያየ ጊዜ ነው የተሸጠው፤ ጃፓንኛ የማያውቅ ዓለም ደግሞ በይፋ ያገኘው በ2021 ነው። አስገራሚው ነገር በእነዚህ መዘግየቶች የተጎዳ ምርመራ አለመኖሩ ነው። የጠበቁት ሰዎች ሲጠብቁ ይገምቱ ነበር፤ መገመት ደግሞ ራሱ ምርመራ ነው። እንግሊዛዊው ደራሲ ዲከንስ በ1870 ሲሞት የኤድዊን ድሩድ ምሥጢር የተባለውን ልብ ወለዱን ግማሽ ላይ ጥሎት ሄደ፤ አንባቢዎቹ እስከ ዛሬ ድረስ ገዳዩን ሲከራከሩበት ይኖራሉ፤ ደራሲው ጨርሶት ቢሆን ክርክሩ ገና ያኔ ባለቀ ነበር።

ከሁሉም የሚከብደው ተቃውሞ ግን ዲስኮ ኤሊሲየም ነው። የኢስቶኒያው ሮበርት ኩርቪትዝና ባልደረቦቹ በ2019 ያወጡት ይህ ጌም ከሚሊዮን ቃላት በላይ አለው፤ ለዓመታት ተጀምረው ለሚቀሩ ጌሞችም ጥሩ ምሳሌ ነው። ትዝታው የጠፋበት መርማሪ፣ ከሆቴል ጀርባ ዛፍ ላይ የተሰቀለ ሬሳ፣ የሥራ ማቆም አድማ ያለበት ወደብ። ገዳዩ ግን ተጫዋቹ እስከ መጨረሻው አካባቢ ድረስ አግኝቶት የማያውቅ ሰው ነው። የኖክስ የመጀመሪያ ሕግ ተሽሯል፤ ማንም ብልህ ሰው ቁጭ ብሎ በማሰብ ብቻ ወደዚያ ሰው ሊደርስ አይችልም። ሆኖም ጌሙን የጨረሰ ሰው ተታለልኩ አይልም። እንግዲያ መፍታት ለምን ያስፈልጋል? ታሪኩ ይበቃል። ይህን ተቃውሞ ግማሹን እቀበላለሁ። ዲስኮ ኤሊሲየም ተጫዋቹን ገዳይ እንዲያገኝ አይጠይቀውም፤ የሚጠይቀው መርማሪውን ራሱን ምን ዓይነት ሰው እንደሚያደርገው እንዲወስን ነው፤ ለዚያ ጥያቄ ደግሞ በትእዛዝ ማዞር የሚገኝ መልስ የለም። የምርመራን ልብስ የለበሰ ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ የሚያስረዳው ታላቅ ልብ ወለድ ያለ ምርመራ ሊኖር እንደሚችል እንጂ ምርመራ ያለ መፍታት ሊኖር እንደሚችል አይደለም።

ምርመራው ራሱ የተመለሰው ከዲስኮ ኤሊሲየም አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ሉካስ ፖፕ ዓመታት ወስዶ ብቻውን በሠራውና በ2018 ባወጣው ሪተርን ኦፍ ዘ ኦብራ ዲን፣ በ1807 አንድ መርከብ ያለ አንድም ነፍስ ወደ እንግሊዝ ይመለሳል። ተጫዋቹ የኢስት ኢንዲያ ኩባንያ የኢንሹራንስ መርማሪ ነው። ስድሳ ሰዎች አሉ፤ የእያንዳንዱን ስምና ዕጣ፣ ከሞተም እንዴት እንደሞተና ማን እንደገደለው በመጽሐፍ ላይ መሙላት አለበት። አስማተኛ ሰዓቱ የሟቾቹን የሞት ቅጽበት ያሳየዋል፣ ማን ማን እንደሆነ ግን አይነግረውም፤ ያንን ከአነጋገር ዘዬ፣ ከዩኒፎርም፣ ከተኙበት አልጋ ቁጥር፣ ከጫማ ሳይቀር እየለቀመ ማግኘት የእሱ ድርሻ ነው። የፖፕ ብልሃት ያለው በማረጋገጫው ነው። ጌሙ ትክክል ነህ የሚለው ሦስት ሰዎች በአንድ ላይ በትክክል ሲሞሉ ብቻ ነው። መልሱ በዝርዝር ነው የሚመረጠው፣ እንደ ፖርቶፒያ ሁሉ፤ ነገር ግን ለስድሳ ሰዎች የስሞቹና የአሟሟቶቹ ጥምረት ብዛት ሲታይ፣ ለሦስት ሰው በአንድ ጊዜ እየገመቱ መዝለቅ አይቻልም። ሁለቱን እርግጠኛ ሆኖ ሦስተኛውን መገመት ይቻላል፣ ብዙ ሰውም ያደርገዋል፤ ሁለቱን እርግጠኛ ለመሆን ግን መርምሮ መሆን አለበት። መርከቡን ግማሹን ብቻ ሞልቶ መውጣትም ይፈቀዳል፤ ያኔ ግን የመጽሐፉ አንድ ምዕራፍ እንደተዘጋ ይቀራል። የዊትሊ እሽግ ከሰማንያ ዓመት በኋላ፣ በሌላ ቀለም።

ይህን ሁሉ የሰማ ሰው የኪቦርዱን ዘመን እየናፈቅሁ ሊመስለው ይችላል። አይደለም፤ ለዚህም የቅርብ ማስረጃ አለ። ስኩዌር ኤኒክስ በ2023 ፖርቶፒያን አንሥቶ፣ ተጫዋቹ የፈለገውን ቃል በነጻ ጽፎ ያሱን እንዲያዝ የሚያስችል የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ማሳያ አድርጎ በነጻ ለቀቀው። ያሱ የማይገባ መልስ እንዳይሰጥ በመሥጋት ድርጅቱ መልስ ራሱ የሚፈጥረውን ክፍል አውጥቶ፣ የሚረዳውን ክፍል ብቻ ተወ። የሚረዳው ክፍል ደግሞ እምብዛም አይረዳም። ተጫዋቾች ቀላል ትእዛዝ ይጽፋሉ፣ ያሱ አልገባኝም የሚል መልስ ይሰጣቸዋል፤ ቃሉን ቀይረው ይጽፋሉ፣ አሁንም ያው ነው። የተጫዋቾቹ ፍርድ እጅግ መጥፎ ሆነ። ሆሪ በ1984 የሸሸው ድካም ከነሙሉ ክብሩ ተመልሶ መጣ፤ በእሱ ምክንያት ገዳዩን በተሻለ የጠረጠረ ሰው ግን የለም። ቃል መፈለግ ምርመራ ሆኖ አያውቅም። ሆሪ ዝርዝሩን ባያመጣ ኖሮ እነዚህን ጌሞች ከአሥርና ከሃያ ዓመት በኋላ ተመልሶ የሚጨርሳቸው ሰው ባልተገኘ ነበር፤ ዝርዝሩ ያጎደለው መልሱን የሚፈትሽ ነገር ነው፤ እሱንም ፖፕ በዚያው ዝርዝር ላይ ጨመረው።